ካሜራ ይዞ ለብቻ፣ ካሜራ ይዞ በማኅበር

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በማኅበር መኖር ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀብሩን በእድር፣ ቁጠባውን በእቁብ፣ የቅዱሳንን መታሰቢያ በጽዋ ማኅበር፣ የሥራ ጉዳዩንም በፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ሲያስኬድ የኖረ ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሕዝብ፣ በተለይም ወጣቱ፣ በኪሱ በያዘው ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ፎቶግራፍ እያነሳ፣ ፎቶግራፍን በጋራ ለመማርና አንዱ የሌላውን ሥራ ተመልክቶ ለመወያየት ተብሎ በሚቋቋም ክበብ ውስጥ ለመግባት ግን ያመነታል። ማመንታቱ ለሙያው ፍቅር ከማጣት የመነጨ አይደለም። ምክንያቱ በሥራ ሰዓት፣ በመሣሪያ ዋጋ፣ በሙያ ምስጢር፣ በሕግና በመንገድ ላይ በሚገጥም ጥርጣሬ መካከል ተበታትኖ የሚገኝ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ወደ ክበብ የሚገቡበት ምክንያትም ቀረብ ብሎ ሲታይ ብዙዎቹ ከሚርቁበት ምክንያት ጋር የተያያዘ ነው።

ክበቡ ምን እንደሆነ በቅድሚያ መግለጽ ይገባል፤ ብዙ ሰው ከፎቶ ቤት ወይም ከማሠልጠኛ ጋር ያምታታዋልና። የፎቶግራፍ ክበብ ማለት ሙያው መተዳደሪያቸው የሆነም ያልሆነም ሰዎች በየጊዜው ተገናኝተው፣ በቡድን ወጥተው ፎቶግራፍ የሚያነሱበት፣ ያነሱትንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ወይም በስክሪን አሳይተው እርስ በርስ የሚተቻቹበት፣ አቅም ሲፈቅድም ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጁበት የፈቃደኞች ስብስብ ነው። ደንበኛ የለውም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። በብራዚሏ የሳኦ ፓውሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው ፎቶ ሲኔ ክለብ ባንዴይራንቴ እንዲህ ዓይነቱ ስብስብ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ነው፤ አባላቱ በአብዛኛው የሒሳብ፣ የሕግ፣ የባንክና የምህንድስና ሠራተኞች ሆነው ፎቶግራፍን ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ስሙ የገነነው ጄራልዶ ዴ ባሮስም የባንክ ሠራተኛ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ራሱን በቻለ ዐውደ ርእይ ቀርቧል። ሳኦ ፓውሎም እንደ አቃቂ የፋብሪካ ከተማ መሆኗን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ የተስፋፋው ግን በሌላ መንገድ ነው። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሙያው ቤተ መንግሥቱን ተጠግቶ አደገ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሲያገለግል፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የእርሱን ፈለግ ተከትለው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለ ፎቶ ቤት ወደ ረዳት የሚተላለፍ የእጅ ጥበብ ሆኖ በመቆየቱ፣ የፊልም አስተጣጠቡም ሆነ የኬሚካሉ መጠን በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን ሳያገኘው በሚታጠብበት ጓዳ፣ ተከድኖ የሚያዝ ዕውቀት ነበር። ረዳቱ ዓመታት ውሃ እየቀዳና ፎቶ እየቆረጠ ከቆየ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ወደ ምስጢሩ የሚገባው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ባለሙያ የሚያውቀውን በእሑድ ስብሰባ ላይ ለሃያ ሰው ዘርዝሮ እንዲናገር ሲጠየቅ የሚሰማው ቅሬታ ከስስት ይልቅ ከአስተዳደጉ የመጣ ነው።

ቅሬታውን የሚያባብሰው ደግሞ የገበያው ሁኔታ ነው። የሰፈር ፎቶ ቤት ለረጅም ጊዜ ኪራዩን የሚሸፍነው በጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆነውን ጉርድ ፎቶ ያላነሳ የአቃቂ ነዋሪ አይገኝም። አሁን ግን ለፓስፖርትም ሆነ ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የባለ ጉዳዩ ፎቶ ምዝገባው በሚካሄድበት ቦታ ስለሚነሣ ይህ ገቢ እየሳሳ ሄዷል። ለፎቶ ቤቱ የቀረለት ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደትና ክርስትና ሲሆን፣ በዚህ ጠባብ ገበያ ላይ ደግሞ ካሜራ የገዛ ወጣት ሁሉ ይሻማል። ስለዚህ ባለ ፎቶ ቤቱ ከክበብ የሚርቀው ዛሬ ስለ ፍላሽ አጠቃቀም ያስረዳው ልጅ ነገ በሚቀጥለው መንደር በግማሽ ዋጋ ሠርግ ይዞ እንደሚያገኘው ስለሚያስብ ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በአንጻሩ ያው ባለሙያ ሁለተኛ ካሜራ የሚይዝለት፣ የታመመ ዕለት የሚተካው፣ ሌንስ የሚያውሰው ሰው የሚያገኘው ከእነዚሁ ወጣቶች መካከል ነው፤ ይህን የተረዱት ባለ ፎቶ ቤቶች ከክበብ አይርቁም።

የሙያው ሰዎች የሚገናኙባቸው መድረኮች በከተማዋ የሉም ማለት አይደለም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት አዲስ ፎቶ ፌስት በየሁለት ዓመቱ ከብዙ አገሮች የመጡ ፎቶግራፎችን ለአዲስ አበባ ተመልካች ሲያሳይ ቆይቷል፤ ፎቶግራፍ አንሺዋ ማኅደር ኃይለሥላሴ የመሠረቱት በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ማዕከልም ለወጣት ባለሙያዎች የመማሪያና የመወያያ መድረክ ሆኗል፤ የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና የጎተ ተቋም ቅጥር ግቢዎችም ለዐውደ ርእይና ለሥልጠና ያገለግላሉ። ለአቃቂ ሰው እነዚህ ሁሉ ሩቅ ናቸው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰሜን ደቡብ ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ የሚያበቃው ቃሊቲ ላይ ሲሆን፣ አቃቂ ከተማ፣ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከዚያም አልፈው የሚገኙ ናቸው። ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ተሰልፎ፣ ባቡር ወይም ታክሲ ተጋፍቶ ማታ ፒያሳ የሚከፈት ዐውደ ርእይ ላይ መድረስ ይቻላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት መመለሱ ነው። የመሃል ከተማው መድረክ በሩን ለሁሉም ክፍት ቢያደርግም በዚህ ምክንያት ብቻ የከተማዋን ዳርቻ ሰው ሳያስተናግድ ይቀራል፤ ክበብ በሰፈር ደረጃ እንዲኖር የሚያስፈልግበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከርቀቱ ሌላ ፎቶ የሚነሣበት ሰዓት ራሱ ከተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ችግር አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ከአድማስ የምትነሣው ቀጥ ብላ ነው ሊባል ይቻላል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ25 ዲግሪ በላይ ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። የዚህ ውጤት ለፎቶግራፍ አንሺ የሚመቸው ለስላሳና ከጎን የሚወድቅ የማለዳ ብርሃን ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው፤ ረፋድ ላይ የሰው ዓይን ጉድጓድ በጥላ ይሞላል፣ የቆርቆሮ ጣሪያውም ያንጸባርቃል። የፎቶ ጉዞ የሚወጣ ቡድን እንግዲህ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መገናኘት አለበት፤ በዚያ ሰዓት ግን ምእመኑ ቅዳሴ ላይ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ገና ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው፣ የቤት እመቤቷም ቁርስ እያቀረበች ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ መውጣት ለአቃቂ የተሻለ ይመስላል፤ ቀኑን በትክክል ያልመረጠ ክበብ በአባላት ስንፍና ያሳብባል እንጂ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰዎችን ከካሜራ የሚያርቀው ግን ፍርሃት ነው። አቃቂ ቃሊቲ ዘብ የሚጠበቅባቸው ሥፍራዎች የበዙበት አካባቢ ነው፤ የጉምሩክ ግቢ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስሙ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት፣ የቂሊንጦው ማረሚያ ቤት፣ በርካታ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪናዎች በዚህ በኩል ይገባሉ፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም መነሻው ቱሉ ዲምቱ ነው። በብዙ አጥር ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ያልተለጠፈበትም ቦታ ቢሆን ክልክል አለመሆኑን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው አይገኝም። ሌንሱ የረዘመ ካሜራ ይዞ ለብቻው መንገድ ዳር የቆመ ወጣት በደቂቃዎች ውስጥ ከጥበቃው ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ለማን ነው የምታነሣው፣ መታወቂያህስ የት አለ፣ ያነሣኸውን አጥፋው። ስልክ የያዘው ሰው ግን ያንኑ መንገድ ያንኑ አጥር አንሥቶ ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል።

የጥበቃው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የነዋሪውም አለ። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያመርተው ገበሬ ወንዙ በከተማና በፋብሪካ ፍሳሽ መበከሉ በተደጋጋሚ የሚነሣ ጉዳይ መሆኑን ያውቃልና፣ ጎመኑንና ጥቁሩን ውሃ በአንድ ምስል ውስጥ የሚያስገባ ሰው እንጀራውን የሚዘጋበት ሆኖ ይታየዋል። ይህ ሥጋት ሊናቅ አይገባም፤ ገበሬው የሚያጣው ነገር አለውና።

ሕጉ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ በዚህ ላይ ይነሣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 27 እስከ 29 ባሉት ድንጋጌዎች ስለ ሰው ምስል ይደነግጋል፤ በመርሕ ደረጃ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ አይቻልም፤ ሆኖም ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ወይም የመንግሥት ሹመት ያለው ሲሆን፣ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጉዳይ ሲያስፈልግ፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ሁኔታ ወይም ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ ድንጋጌዎች የሚናገሩት በዋነኛነት ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ መሆኑ ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ጠብ ግን የሚጀመረው ገና ካሜራው ሲነሣ ነው። ለብቻው የሚሄድ ጀማሪ ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ለተቆጣ ሰው አብራርቶ ሊያስረዳ አይችልም።

በዚህ ቦታ ላይ ክበብ ከግለሰብ የሚሻልበት ምክንያት በግልጽ ይታያል። ቡድን ሆኖ የሚሄድ፣ መሪው የሚታወቅ፣ በእጁም ከወጣት ማዕከል ወይም ከትምህርት ቤት የተጻፈ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ተብሎ የተመራ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ የያዘ ስብስብ ሲመጣ ጥበቃው የሚጠራጠርበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ደብዳቤው ክልክሉን ባይፈቅድም እንኳ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ይናገራልና። ገበሬውም ቢሆን ከአንድ የማይታወቅ ሰው ይልቅ የጎረቤቱ ልጅ ያለችበትን ቡድን ቀረብ ብሎ ያነጋግራል። በተደጋጋሚ ወደ አንድ ቦታ መሄድ፣ ያነሱትን አትሞ ለተነሣው ሰው ማምጣት፣ የከለከለውን ሰው ሳይከራከሩ ማለፍ በግል የሚከብዱ በክበብ ግን ልማድ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት የሚፈልግም ቢሆን፣ ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001ን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ለአብዛኛው የሰፈር ክበብ ግን ይህን ያህል መሄድ አያስፈልገውም፤ በትምህርት ቤቶች ለዓመታት የኖረው የሚኒ ሚዲያ ክበብ እንዳሳየው በአንድ ተቋም ጥላ ሥር መቀመጥ ይበቃል።

ሴቶችን በተመለከተ ጉዳዩ ይበልጥ ይጎላል። አንዲት ወጣት ማለዳ ለብቻዋ ካሜራ አንጠልጥላ ከአቃቂ ድልድይ በታች ልትወርድ ብትነሣ ከቤት የሚቀርብላት ጥያቄ ከጥበቃው ይብሳል፤ ካሜራው ራሱ ለሌባ ዓይን የሚስብ ንብረት ነው። በቡድን ስትወጣ ግን ቤተሰብ የሚያምንበት ስምና ስልክ ይኖራል። ይሁን እንጂ ስብሰባውን ወንዶች ብቻ ከሞሉት፣ ውይይቱም ስለ ሌንስ ርዝመት በመፎካከር ካለቀ፣ አንድ ጊዜ የመጣችው ሁለተኛ አትመጣም፤ ይህ ደግሞ በክበቡ መሪዎች እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለ መሣሪያ ፉክክሩ ጥቂት ማለት ያሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ ካሜራም ሌንስም ከውጭ የሚገቡ ናቸውና ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ያገለገለ ካሜራ መግዛት እንኳ የብዙ ወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ሆኗል። በስልክ ብቻ የሚያነሳ ሰው ትልልቅ ካሜራ በያዙ ሰዎች መካከል ሲቀመጥ የሚሰማው እፍረት እጅግ የተለመደ የመራቂያ ምክንያት ነው። ክበብ ይህን ሊፈታው የሚችለው የአቃቂ ሰው አሳምሮ በሚያውቀው መንገድ ነው፤ በየወሩ በሚዋጣ ገንዘብ አንድ ካሜራ ገዝቶ በተራ መጠቀም ከእቁብ የሚለየው ዕጣው ገንዘብ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ መሆኑ ብቻ ነው።

ሌላው መራቂያ መተቸት ነው። በዕድሜ የገፉት የአካባቢው ነዋሪዎች በደርግ ዘመን በቀበሌና በፋብሪካ የውይይት ክበቦች ውስጥ ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን ሥርዓት አልፈውበታል፤ በሰው ፊት ቆሞ ጥፋትን መናገርና መነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያስታውስ ሰው፣ ሥራህን ለተሰብሳቢው አሳይና አስተያየት ይሰጥበት ሲባል ወደኋላ ቢል አይፈረድበትም። ታናናሾቹ ይህን ባይኖሩበትም ወላጆቻቸው ለስብሰባ ያላቸውን ጥርጣሬ ወርሰዋል። ጥሩ ክበብ ይህን የሚያስወግደው ንግግሩን ከሰውየው ወደ ምስሉ፣ ከምስሉም ወደ አንድ የተለየ ቴክኒካዊ ነጥብ በማውረድ ነው።

ነጭ ነጠላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በጥምቀት ዕለት ታቦታት በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ ያነሣ ጀማሪ ምስሉን ሲያይ ነጩ ልብስ አመድማ፣ ፊቶቹም ጨለማ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ጥፋቱንም በካሜራው ርካሽነት ያሳብባል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በካሜራም ሆነ በስልክ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ መሠረታዊ አሠራሩ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ፣ ይኸውም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማውን የሚመልስ ነው ብሎ መገመት ነው። ሜዳው በነጭ ሲሞላ መለኪያው ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩም ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ነጠላ የከበበው ጠይም ፊት ደግሞ ከዚያ በታች ይሰምጣል። መፍትሔው ካሜራው ከወሰነው ላይ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ብርሃን መጨመር ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን በእጥፍ ማሳደግ ማለት ሲሆን፣ በስልክ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ ወደ ላይ በመሳብ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን በጥምቀት ግርግር መካከል አጠገብ የቆመ ሰው ስክሪኑን አይቶ ጨምርበት ሲል የሚገኘው ትምህርት አይረሳም። ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ ፎቶግራፍ አንሺ ተራ ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ በፊልም ዘመን የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ቀለም ሲያስተካክሉ ለረጅም ጊዜ መለኪያ ያደረጉት ሸርሊ ካርድ የሚባለውን የነጭ ሴት ምስል ነበርና፣ የጠይም ሰው ፊት በትክክል እንዲወጣ ማድረግ የእያንዳንዱ አንሺ የግል ድካም ሆኖ ኖሯል። ይህን ድካም ተከፋፍሎ ዕውቀቱን በአንድ ቦታ ማከማቸት ለክበብ የተገባ ሥራ ነው።

አቃቂ ራሷ ደግሞ ፎቶ አንሺዎቿን የምትጠብቅ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደርሶ፣ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ባለ አንድ ሜትሩ አሮጌ ሐዲድ ሥራ አቁሞ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው አዲስ መስመር ተተክቷል። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንት ቤተሰብ እንዳስተዳደረ የሚናገሩት በሕይወት ያሉ ጡረተኞች ናቸው። ከከተማው በታች አባ ሳሙኤል ግድብ ዙሪያ ያለው ረግረግ በበጋ ከአውሮፓ የሚፈልሱ ወፎች የሚያርፉበት ነው። ይህ ሁሉ በየዓመቱ መልኩን እየለወጠ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ እርሻውን፣ አስፋልቱ የጋሪ መንገዱን ወስዷል። ለታሪክ የሚቀረው ምስል የእንግዳ ጋዜጠኛ ብቻ እንዳይሆን የሚቆረቆር ሰው ሰፈሩ ውስጥ ካልተገኘ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

ለዚህም መንገዱን ያሳዩ ሰዎች አሉ። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገብየሁና ፊሊፕ ሹትስ የጀመሩት ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ ከነዋሪዎች የቤተሰብ አልበም ፎቶግራፎችን እየሰበሰበ፣ ከየምስሉ ጋር ያለውን ታሪክ እየመዘገበ በመጽሐፍ አሳትሟል። በአቃቂ ቤቶች ውስጥም በቀለም የተሣለ መጋረጃ ፊት ቆመው የተነሡ፣ ጀርባቸው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀን ያረፈባቸው የወዛደሮች ምስሎች ተቀምጠዋል። ዛሬ በስልክ የሚነሣው ምስል ቀንና ሰዓቱን በራሱ ይመዘግባል፤ የሰዎቹን ስም ግን አይመዘግብም፤ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ አንድ የሰፈር ክበብ ከሚነሣው ምስል ባልተናነሰ ሊጨነቅበት የሚገባው ስም፣ ቦታና ቀን የሚጻፍበት መዝገብ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚቀመጥ ቅጂ፣ እንዲሁም ምስሉ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ነው።

ይህ ሥራ ከክበብ ሲርቁ የኖሩትን ሰዎች ሳይቀር ይፈልጋል። ካሜራ ይዘው የማያውቁ፣ ስብሰባም የማይወዱ፣ የፋብሪካውን የሽመና ክፍል በፎቶ ሲያዩ ግን ከቆሙት ሠራተኞች መካከል ማን ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ፈረቃ እንደነበረና ዛሬ የት እንደሚኖር የሚያውቁ አዛውንቶች አሉ፤ ክበቡ እነዚህን ሰዎች በአባልነት መዝግቦ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ስኒ ቡና አቅርቦ፣ ፎቶውን ከፊታቸው ዘርግቶ የሚነግሩትን ስም አንድ በአንድ ሊጽፍ ይችላል።